መስመር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

በሳምንት ሦስት ቀን ከጄኔቫ ዙሪክ እየተመላለስኩ ሠርቻለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሐይቁ ነው። ከባቡሩ መስኮት ሲታይ እንዴት ያምራል ይለኛል። እኔ ሐይቁን አላውቀውም። ስሄድ ተኝቼ፣ ስመለስ ደግሞ ዓይኔ ተከፍቶ ምንም ሳላይ ነው ያለፍኩት። ሰርቬት ሰፈር ካለው ቤቴ የምወጣው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ልጄ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሁለታችን ብቻ ነን የምንኖረው። ቁርሷን ራሷ አዘጋጅታ፣ በሩን ራሷ ቆልፋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ እወድቃለሁ፤ እሷም ከደብተሯ ቀና ብላ «ማሚ፣ ቱ ኤ ሞርት?» ትለኛለች። ሞተሻል ወይ ማለቷ ነው። «ገና ነኝ» እላታለሁ።

አገር ቤት የተማርኩት ሒሳብ ነው። ዲግሪዬን ይዤ የገባሁት ግን ሰው ወጥ ቤት ነው። ጄኔቫ ያመጣኝ የአንድ ዲፕሎማት ቤተሰብ ነበር። አራት ዓመት ሸሚዝ ተኮስኩ፣ አንሶላ አጠፍኩ፣ የማዳምን እንግዶች አስተናገድኩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ቶሎ እነቃ ነበር። እነሱ ወደ ሌላ አገር ሲዛወሩ እኔ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አሥር ዓመት የሰው ቤትና የሰው ቢሮ አጸዳሁ። ይህ ሁሉ ጉልበቴን ጨርሶታል፣ እሱ ይታወቃል። ሳላውቀው ያስለመደኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ገና ማን እንደጠራኝ ሳላይ «አቤት» እላለሁ፣ ገና ምን እንደተሰበረ ሳላውቅ «ይቅርታ» እላለሁ። መኖሪያ ፈቃዱን፣ ፔርሚ ቤ የሚሉትን፣ እንዴት እንዳገኘሁ መዘርዘር ያደክመኛል። ካገኘሁ በኋላ ለአዋቂዎች የሚሰጥ የፕሮግራሚንግ ኮርስ ሁለት ዓመት ተማርኩ፤ አርባ ሁለት ዓመቴ ላይም «ጀማሪ» ተባልኩ።

ሥራውን ያገኘሁት ለቅሶ ቤት ነው። ዙሪክ የምትኖር አንዲት የምናውቃት ሴት እናቷ አገር ቤት አርፈውባት፣ ከጄኔቫ ተሰባስበን ሄድን። አጠገቤ የተቀመጡት ሽበታም ሰው ንፍሮውን አንድ በአንድ ወደ አፋቸው እየወረወሩ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ፕሮግራሚንግ ተምሬ የሚቀጥረኝ አጥቻለሁ አልኳቸው።

«ምን ምን ትችያለሽ?»

«ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተምሬያለሁ። የሚያሠራኝ ግን አላገኘሁም።»

«ሲ የሚማር ሰው አሁንም አለ?» ብለው ሳቁ፤ ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ደግሞ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሠላሳ ዓመት አንድ ኩባንያ ውስጥ የሠሩ ኢንጂነር ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። በወሩ አለቃቸው ዘንድ ገብተው ስለኔ ተናገሩ፤ ተጠራሁ፣ ተፈተንኩ፣ ገባሁ።

ኩባንያው ለሆቴልና ለሆስፒታል የሚሆኑ፣ ሰው ቆሞ የሚገባባቸው የሚያህሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ይሠራል። ከአንሶላ ሸሽቼ አንሶላ ላይ ወደቅኩ ማለት ነው። ቢሮው አልትሽቴተን የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከዋናው ባቡር ጣቢያ በትራም ይኬዳል። ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም አሮጌ ነው፤ ብዙ ሰው እየቀጠለ የጻፈው፣ ብዙው ሰው የሄደ። የመጀመሪያው ሦስት ወር ፕሮበጻይት ነው፣ የሙከራ ጊዜ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ አለቃዋ ጠርታ ትነግርሻለች፤ ትቀጥያለሽ ወይም ትሄጃለሽ። ካልተቀበሉኝ የት እንደምገባ አውቀዋለሁ። ጄኔቫ ዳር፣ ቬርኒየ፣ አንድ ቤተሰብ ለአሮጊት እናታቸው የምታበስል፣ የምታጥብና ቀን ከሌት አብራ የምትሆን ሴት ይፈልጋሉ፤ ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል። ጥሩ ሴትዮ ናቸው ይላሉ። ጉልበቴ ግን እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ወደ ሰው ቤት ላለመመለስ ነበር ያ ሁሉ ባቡር።

አለቃዬ ከኔ በሦስት ዓመት የምታንስ ሴት ናት። አትቆጣም፣ አታባብልም። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ መልሱንም ዓይን ዓይንሽን እያየች ትጠብቃለች። ጀርመንኛዬ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ በእንግሊዝኛ ነበር የምንነጋገረው።

በመጀመሪያው ሳምንት ጋሼ ወንበራቸውን ከኔ ጠረጴዛ አጠገብ አምጥተው ዲበገር አስተማሩኝ። ዲበገር ፕሮግራሙን እየሠራ እያለ ቀጥ አድርጎ ያቆመውና ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ወጣቶቹ በማውስ የሚነካካ፣ ባለ ብዙ ቀለም ነበራቸው። ጋሼ ግን በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየጻፉ ነው የሚጠይቁት፤ ጽፈው ኢንተር ይመታሉ፣ መልሱ ከሥር ይወጣል።

«አየሽ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ሁሉም ሰው ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው ቁጥሩ ስንት ነው ብሎ ነው። አንቺ መጀመሪያ የት ነው የተጻፈው ብለሽ ጠይቂው።»

ነገሩ ይህን ያህል የሚከብድ አይደለም። ፕሮግራም ቁጥር የሚያስቀምጠው ስም በተሰጠው ቦታ ላይ ነው፤ ቫሪያብል ይባላል። «እንዲህ የሚባል ቫሪያብል አለ» ተብሎ መጀመሪያ የሚጻፍበት አንድ ፋይልና አንድ መስመር አለ። ፋይሎቹ ብዙ ከሆኑ ግን ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ስም ሊያወጡ ይችላሉ። ያኔ በአንድ ሰፈር ሁለት ሰው በአንድ ስም እንደሚጠራው ይሆናል፤ ለአንዱ የተላከው መልእክት ሌላው ቤት ይገባል። ጋሼ «ኢንፎ ቫሪያብልስ» ብለው አንድ ስም ጻፉ፤ ዲበገሩ ስሙ ያለበትን ፋይልና የመስመሩን ቁጥር አወጣላቸው። «ይኸው፣ መታወቂያውን አወጣ» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር። ማስተማር ይወዱ እንደነበርና ለብዙ ዓመት የሚሰማቸው እንዳላገኙ ገባኝ።

በዚያው ሳምንት እጅ ለማፍታታት ብለው የማሞቂያውን ፋይል እንዳስተካክል ሰጡኝ። ኮዱን አልነካሁም፤ የተንጋደደውን መስመር አቃናሁ፣ የበዛውን ባዶ ቦታ ቀነስኩ። ቤት እንደማጽዳት ነው፣ ለምጄዋለሁ።

ሁለተኛው ወር ላይ ከአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቅሬታ መጣ። ውኃው ዘጠና ዲግሪ መድረስ ነበረበት። በአዘቦቱ ቀን ይደርሳል። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ተመልሶ ማሽኑ ከቆመበት ሲቀጥል ግን ስድሳ ላይ ቆሞ «ጨርሻለሁ» ይላል። የታመመ ሰው የተኛበት አንሶላ በስድሳ ታጥቦ ሌላ በሽተኛ ሥር ይነጠፋል ማለት ነው። ድሮ አልታየም፣ ምክንያቱም ማሽኑን መሐል ላይ የሚያጠፋው አልነበረም፤ ሆስፒታሉ ግን ሕንፃውን እያደሰ ስለነበር ኤሌክትሪኩ በየጊዜው ይቋረጥ ነበር።

ጋሼ ስብሰባ ላይ «ሴንሰሩ ነው» አሉ። «ሙቀት መለኪያውን ያስቀይሩ።» ተቀየረ፤ ችግሩ ግን እንዳለ ሆነ። ከዚያ ከወጣቶቹ ሠራተኞች ሁለቱ አዩት፣ አላገኙትም። ፕሮበጻይቴ ሊያልቅ አራት ሳምንት ሲቀረው አለቃዋ ወረቀቱን እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ያዢው» አለች። ፈተናዬ ይህ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፣ የሚነግረኝም አያስፈልገኝም ነበር።

የሙቀቱን ጣሪያ የሚይዘው ቫሪያብል ስሙ በጀርመንኛ ገደብ ማለት ነው፤ እዚህም ገደብ እለዋለሁ። በጽሑፍ መፈለጊያው ስፈልገው መጀመሪያ የተጻፈበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ ሁሉም ፋይሎች የሚጋሩት ፋይል ውስጥ። እዚያ ላይ ዘጠና ይገባበታል፣ በዓይኔ አየዋለሁ። የማሞቂያው ፋይል ደግሞ ገደብን ያነባል፣ ስድሳ ያገኛል። ዘጠና የሰጠሁት ነገር ስድሳ ብሎ ይመልስልኛል። አሥር ቀን እንዲህ ሆንኩ። ባቡር ላይ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ያንኑ ገጽ አነባለሁ፣ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ስነቃ ያው ገጽ ነው። አንድ ቀን በርን ከተማ ስንደርስ ለራሴ በአማርኛ ጮክ ብዬ «አንተ እርጉም!» ስል ከፊቴ የተቀመጡ ሰውዬ ተነሥተው ሌላ ቦታ ሄዱ። አስተያየታቸው አናደደኝ፤ እሳቸውን እኮ አልነበረም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በዓይኔ መፈለጉ ሰለቸኝና ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። መጀመሪያ ምንም የማውቀው ስም የለም አለኝ። ማሽኖቹ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ስሞቹ ተራግፈውለት የሚላክ ነው፤ ዲበገር እንዲያውቃቸው ከነስማቸው እንደገና መገንባት አለበት። አንድ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ «ኢንፎ ቫሪያብልስ» ብዬ ገደብን ጻፍኩና ኢንተር መታሁ።

ሁለት መልስ ወጣ። አንዱ የማውቀው ነው። ሌላው የማሞቂያው ፋይል ውስጥ፣ መስመር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

ተነሥቼ ቆምኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። መስመሩን ከፈትኩት። ገደብ የሚል ቃል የለበትም። ስሙ ግማሹ አንድ ቦታ ግማሹ ሌላ ቦታ ተጽፎ፣ ፕሮግራሙ ሲገነባ ነው የሚጋጠመው። በድሮ ጊዜ ጽሑፍ ለማሳጠር ሲባል እንዲህ ይደረግ ነበር። ለዚህ ነው በፍለጋ ያልተገኘው። የሁለቱን አድራሻ ጠየቅኩ፣ የተለያየ ነው። ፕሮግራሙን ኤሌክትሪክ ተቋርጦ የሚነሣበት ቦታ ላይ አቆምኩትና ሁለቱንም አየሁ፤ በአንደኛው ዘጠና፣ በሁለተኛው ስድሳ። በወጉ ሲነሣ ሁለቱም ይሞላሉ፤ ተቋርጦ ሲነሣ ግን የጋራው ብቻ ይሞላል፣ ማሞቂያው የሚያነበው ደግሞ የራሱን ነው። ሁለተኛውን አጠፋሁት፣ ማሞቂያው የጋራውን እንዲያነብ አደረግኩ፣ ሃያ ጊዜ እያቋረጥኩ ሞከርኩት። ሃያውንም ጊዜ ዘጠና።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ጭንቅላቴ የኔ እንደሆነ ተሰማኝ። ደስታው ግን ምሳ ሰዓት ድረስ አልቆየም። ያን መስመር ማን እንደጻፈው የሚያሳይ መዝገብ አለ፤ ከፈትኩት። ከላይ የሚታየው የኔ ስም ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ቦታ ያስተካከልኩ ጊዜ የነካሁት። ከሥሩ ያለውን ስገልጥ፣ መጀመሪያ የጻፉት ጋሼ ናቸው።

ጋሼ ጡረታ ሊወጡ አምስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። ሽኝታቸው እየተዘጋጀ ነው። በሰው ፊት ሴንሰሩ ነው ያሉት እሳቸው፣ ለኔ ደጅ የጠኑልኝ እሳቸው፣ የት ነው የተጻፈው ብለሽ ጠይቂ ብለው ያስተማሩኝም እሳቸው። መጀመሪያ ለብቻቸው ልነግራቸው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄጄ ስለ ሌላ ነገር አውርቼ ተመለስኩ። ሽበታም ሰው ፊት ቆሞ «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» ማለት ከየት ይመጣል?

ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ያገኘሁትን አስረዳሁ። አለቃዋ ትእዛዙን አስደገመችኝ፣ የሁለቱን ቦታ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ጥሩ። ሁለተኛው መቼ ነው የገባው?»

ጋሼ ከፊት ለፊቴ ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ያዩኛል። አፌ ከኔ ቀደመ።

«መጨረሻ የነካሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይህን ለምን እንዳልኩ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በኛ ወግ ጥፋት አንድ ሰው ላይ ብቻ አይቀርም። ብርጭቆ ሲሰበር ያስቀመጠው «እኔ ነኝ ጠርዝ ላይ ያኖርኩት» ይላል፤ የሰበረው ደግሞ «የለም፣ እኔ ነኝ ሳላይ የሄድኩት» ይላል። በር ላይ «ይለፉ»፣ «የለም እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚባባሉ ሰዎች ነው፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይገባሉ፣ ውጭ የሚቀር የለም። እኔ «የኔ ነው» ያልኩት ጋሼ «የለም፣ የኔ ነው» እንዲሉ ነው። ማንም ሳያጋልጣቸው፣ በራሳቸው አፍ፣ በክብር። ከዚያ አለቃዋ ለሁለታችንም ፈገግ ትላለች፣ አለቀ።

ጠበቅኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ፊታቸው ያለውን ወረቀት ማየት ጀመሩ። አለቃዋ ጻፈች። ከስብሰባው በኋላ ለሆስፒታሉ የሚላከውን ቅጽ ሰጠችኝ። «የችግሩ ምክንያት» የሚለው ሣጥን ውስጥ በቅርቡ በኔ የተደረገ ለውጥ ነው ብዬ ሞላሁ፤ ፈረምኩ። ይህን አሁንም ሳስበው ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ይሸሹኝ ጀመር። ምሳ ሌላ ቦታ ይበላሉ፤ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ስልካቸውን ያያሉ። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ብርቱካን አገኘሁ፤ ከሳቸው በቀር ማንም አያስቀምጥም። አልበላኋቸውም፣ ልጄ በላቻቸው። ተናድጄ ነበር። ለውለታቸው ብዬ ራሴን አሳልፌ ሰጠሁ፣ እሳቸው ብርቱካን ያኖሩልኛል እያልኩ ባቡሩን ሙሉ እብከነከናለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ተጠራሁ። አለቃዋ በሩን ዘጋችና ያን ቅጽ በመካከላችን አኖረችው።

«ሥራሽ ጥሩ ነው» አለች። «ሦስት ሰው ያጣውን አገኘሽ። ይህን የጻፍሽው ግን አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እውነት ነው?»

ቅጹን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩት።

«መስመሩን የጻፈው ሰው የስብሰባው ዕለት ከሰዓት በኋላ መጥቶ ጥፋቱ የኔ ነው አለኝ። እኔም አንቺ ያሳየሽውን ትእዛዝ ሰጥቼ አየሁት፣ መዝገቡንም አየሁ። አንቺ የነካሽው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ መጥተሽ ታስተካክያለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።»

ጋሼ መልሰውልኝ ነበር። እንደ ወጋችን ጥፋቱን ከእጄ ወስደውት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፣ ለብቻቸው፣ እኔ በሌለሁበት። እሳቸው እውነቱን ባይናገሩ ኖሮ የኔን ውሸት ማንም አያውቀውም ነበር። ይህ ሲገባኝ መሣቅም ማልቀስም አቃተኝ። «በኛ አገር…» ብዬ ጀመርኩ። ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል? «አክብሮት ነው» አልኳት።

«ለሱ» አለች። «ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ ይህን ወረቀት የሚያነበው ሰውስ? ምክንያቱ የቅርብ ለውጥ ነው ካልሽው፣ ከዚያ በፊት የታጠበው አንሶላ ሁሉ ደህና ነበር ብሎ ያምናል።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሒሳብ የተማርኩ ሴት፣ ሃያ ጊዜ የሞከርኩ ሴት፣ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም። ወረቀቱን እንዳልላከችው ነገረችኝ፤ ውሉ እንደማይቀጥልም ነገረችኝ። ጮክ አላለችም። በሙከራ ጊዜ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሰባት ቀን ነው። እጄን ጨበጠችኝ፣ እኔም «ይቅርታ» አልኩ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ መሰለኝ።

ጋሼ ትራም ማቆሚያው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ኮታቸውን አልቆለፉትም።

«ነገረችሽ?» አሉኝ።

«ነገረችኝ። ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አሉ ጋሼ?»

«ደነገጥኩ። ሠላሳ ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ጥፋቴን ቀድሞ የሚወስድልኝ ሰው አይቼ አላውቅም። ምን እንደሚባል ጠፋኝ። እስክነቃ ስብሰባው አለቀ።»

«ለሷ ሲነግሩ ለኔስ?»

«አፈርኩሽ ልጄ። ነገ እነግርሻለሁ እያልኩ ሰነበትኩ። እሷ እኮ አንቺን ነፃ ታወጣሻለች ብዬ ነው የገባሁት።»

«ቢነግሩኝ ሄጄ አስተካክለው ነበር።»

ትራሙ መጣ፣ አልተሳፈርንበትም። ሽኝቱን ተዉት ብያቸዋለሁ አሉኝ። አይሆንም፣ ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ነው፣ ይሸኙ አልኳቸው። ተናድጄባቸዋለሁ፣ ግን ደግሞ በዚያ ሳምንት ውስጥ ማርጀታቸውን አየሁ። ሁለታችንም አንዳችን ላንዳችን ስንጠነቀቅ ነው የተገፈታተርነው። ሁለተኛው ትራም ሲመጣ ገባሁ።

ቤት ስደርስ ልጄ ምግብ ጠረጴዛው ላይ እየሠራች ነበር። ቀኑን ታውቀዋለች፤ ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠች።

«ተቀበሉሽ?»

«አልተቀበሉኝም።»

«ፑርኳ?» ለምን ማለቷ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

እስክሪብቶዋን ጣለችው። «ማሚ፣ አንቺ ሁልጊዜ እንደዚህ ትያለሽ! አውቶቡስ አርፍዶ የኔ ነው። ላ ቮዋዚን ስትጮህ የኔ ነው። እኔ አላውቅም መቼ ነው ቭሬ፣ መቼ ነው እንዲሁ።» ላ ቮዋዚን ጎረቤታችን ናት፣ ቭሬ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑን ከልማድሽ መለየት አልቻልኩም ማለቷ ነው።

ተቀመጥኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ምንም ሳልጨምር ምንም ሳልቀንስ፣ ነገርኳት። ስህተቱ የጋሼ ነው አልኳት፤ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ውሸት የኔ ነው። እንዲህ ከፋፍዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ከባቡሩ ሁሉ እሱ አደከመኝ። እሷ ጣቶቿን እያየች አዳመጠችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ፓፓ ሲሄድ ያንቺ ነው ብለሽኛል። እሱስ?»

አባቷ የሄደው አምስት ዓመቷ እያለ ነው። አንድ ሰኞ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፣ ሌላ ቤት ነበረው። ልጅ አባቷን እንዳትጠላ ብዬ፣ ስትጠይቀኝ በጉልበቴ ተንበርክኬ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። ሌላ የሚለው ሰው አልነበረም፣ «የለም፣ የኔ ነው» የሚል። እዚያው ቀረ።

«እሱ ነው የሄደው» አልኳት። «እኔ አልነበርኩም።»

«ዘጠኝ ዓመት» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ባንቺ ተናድጄ ነበር እኮ።»

አቀፍኳት፤ መጀመሪያ አልታቀፍ አለችኝ፣ ከዚያ ታቀፈችኝ። ይቅርታ አፌ ላይ መጣ። እንደ ልማዴ እንዳይሆን ትንሽ ያዝኩትና አየሁት፤ ይቺኛዋ የኔ ነበረች። ይቅርታ አልኳት።